እንግዳው ሲሄድ ዕውቀቱ እንዲቀር

ዕውቀት እንደ አሞሌ ጨው ተቈጥሮ፣ በበቅሎ ተጭኖ፣ ከአገር ወደ አገር የሚጋዝ ዕቃ አይደለም። ዕቃ ከሻጩ እጅ ወጥቶ ከገዢው እጅ ሲገባ ነገሩ አለቀ፤ ዕውቀት ግን ሰጪው ሊሰጥ ቢወድ እንኳ ተቀባዩ ካልተዘጋጀለት በመንገድ ይቀራል። ገንዘብ ከፍሎ የውጭ አገር ባለሙያ ማስመጣት ለመንግሥት መሥሪያ ቤትም ለኩባንያም የሚቻል ነው፤ ባለሙያው ውሉን ፈጽሞ ወደ አገሩ በተመለሰ ማግሥት ሥራው ሳይደናቀፍ እንዲቀጥል ማድረግ ግን ሌላ ጥበብ ይጠይቃል። ለዚህ ነገር ምስክር የሚፈልግ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ጎንደር ከተማና በዙሪያዋ ያለው ደጋ በቂ ምስክር ናቸው።

ዐፄ ሱስንዮስ በነገሡበት ዘመን፣ ይኸውም በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1607 እስከ 1632 ዓ.ም. ባለው ጊዜ (ከዚህ በታች የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው)፣ የኖራን ድንጋይ አቃጥሎ ግንብን በኖራ የማያያዝ ሙያ ከህንድ በመጣ ሰው አማካይነት እንደ ተገለጠ ኢየሱሳዊው አልሜይዳ በጻፈው ታሪክ ይገኛል። ልጃቸው ዐፄ ፋሲል በ1632 ከነገሡ በኋላ ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጡ፤ በ1636ም ጎንደርን መናገሻቸው አደረጉ። እንግዶቹ ከወጡ በኋላ የግንቡ ሥራ አብሮ ይቆማል ብሎ የሚገምት ሰው ባይጠፋም ነገሩ እንዲህ አልሆነም። ከፋሲል ግንብ ቀጥሎ የጻድቁ ዮሐንስ፣ የአድያም ሰገድ ኢያሱ፣ የበካፋ ሕንጻዎች ተሠሩ፤ እቴጌ ምንትዋብም በቍስቋም ያስገነቡት ቤተ መንግሥት ተጨመረ። ሙያው ከመቶ ዓመት በላይ በአገሬው እጅ ኖረ ማለት ነው።

ይህ የሆነበት ምክንያት ግልጥ ነው። ድንጋይ ጠራቢው፣ ኖራ አቡኪው፣ አናጢው፣ በተለይም በግንበኝነት ስማቸው የታወቀው ቤተ እስራኤል፣ ከእንግዳው ጋር ጎን ለጎን ቆመው ሥራውን በእጃቸው ሠርተውታል፤ አባትም ለልጁ አስተላልፎታል። ደግሞም አንዱ ሕንጻ ሲያልቅ ሌላው ስለ ተጀመረ፣ የተማረው እጅ ሥራ ፈትቶ ሙያውን እስኪረሳ ድረስ አልተቀመጠም።

ከዚህ ጋር የጋፋትን ታሪክ ማስተያየት ይገባል። ዐፄ ቴዎድሮስ አገራቸው ከአውሮፓ የብረት ሥራ ጥበብ እንድታገኝ እጅግ የሚመኙ ንጉሥ ነበሩ። በደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በጋፋት፣ ከባዝል ከተማ አቅራቢያ ከቅድስት ክሪስኮና የተላኩ ሠራተኞች መድፍ እንዲያፈሱ አደረጉ፤ 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖልም እንዲህ ባለ ድካም ተሠራ። በዚያ ሥራ ቤት እሳት ያነደዱ፣ ወናፍ የነፉ፣ ብረት የቀጠቀጡ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ዳሩ ግን መንግሥቱ በጦርነትና በሽፍትነት በተናወጠ ጊዜ ሥራ ቤቱ ተፈታ፤ በሚያዝያ 1868 ንጉሡ በመቅደላ ሲያርፉ አውሮፓውያኑ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ። መድፉ በመቅደላ አምባ ቀረ፤ መድፍ የማፍሰሱ ጥበብ ግን አልቀረም። የጋፋት ጕድለት የፍላጎት ማነስ ወይም የተማሪ እጦት አልነበረም፤ ሥራው በአንድ ሰው ፈቃድ ላይ የቆመና ከዚያ ሰው ዕድሜ የሚያልፍ ቤት ያላገኘ መሆኑ ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ ለዘመኑ የቀረበ ነው። በ1953 ገደማ በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ብዙ ሕዝብ ፈጀ። በ1954 የኢትዮጵያ መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅትና ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ተባብሮ በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ አቋቋመ። መምህራኑ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ፣ ቋንቋቸውም ልማዳቸውም የተለያየ ነበር። ይሁን እንጂ ሥራው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የታሰበው እንግዶቹ በሽተኛ እንዲያክሙ ብቻ ሳይሆን፣ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ሠራተኛ እንዲያሠለጥኑ ነው። ተማሪዎቹም በአዳራሽ ተቀምጠው ከመስማት አልፈው በአንድ ቡድን ሆነው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይወጡ ነበር፤ አንዱ የውሃውን ጕድጓድ ሲመረምር፣ አንዷ እናቶችን ስታስተምር፣ ሌላው ሕመምተኛውን ያይ ነበር። ከዚያ የወጡት የጤና መኮንኖች ሐኪም ባልደረሰበት አውራጃ ሁሉ የጤና ጥበቃ ምሰሶ ሆኑ።

በ1978 ደግሞ በጎንደር የሕክምና ፋኩልቲ ሲከፈት፣ በዚያን ጊዜ በምሥራቅ ጀርመን የነበረው የላይፕሲግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ተባባሪ ሆነ። የላይፕሲግ ሐኪሞች በየተራ እየመጡ አስተማሩ፤ ከኢትዮጵያውያኑም ወደ ላይፕሲግ ሄደው ልዩ ሙያ ያጠኑ ነበሩ። በጥቅምት 1990 ያ መንግሥት ራሱ ከዓለም ካርታ ጠፋ። ላኪው መንግሥት ሲጠፋ የተላከው ሥራ አብሮ መጥፋት በተገባው ነበር፤ ነገር ግን የጎንደር የሕክምና ትምህርት ቤት አልተዘጋም፤ ወንበሩን የሚይዝ ኢትዮጵያዊ መምህር ነበረና። በ1996 ከእንግሊዝ አገር ከሌስተር ጋር ሌላ ኅብረት ተጀመረ፤ በ2004ም ተቋሙ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተባለ። የውጭ ወዳጅ ተለዋወጠ፤ ቤቱ ግን ጸና።

እንዲህ ያለው ነገር የመንግሥት ትምህርት ቤት ልዩ ዕድል ነው፣ በትርፍ ለሚተዳደር ኩባንያ አይሆንም የሚል ሰው ቢኖር የኢትዮጵያን አየር መንገድ ይመልከት። አየር መንገዱ በ1945 ከአሜሪካው ኩባንያ ከቲ ደብሊው ኤ ጋር በተደረገ ውል ሲቋቋም፣ አብራሪውም መካኒኩም ሥራ አስኪያጁም አሜሪካዊ ነበር። በ1950ዎቹ በታደሰው ውል ግን የመጨረሻው ግብ ሥራው በሙሉ በኢትዮጵያውያን እጅ እንዲገባ መሆኑ ተጻፈ። በ1957 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን አውሮፕላን መራ፤ በ1971 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ተሾመ። ሃያ ስድስት ዓመት የፈጀ ነገር ነው፤ ነገር ግን ግቡ በውሉ ላይ ስለ ተጻፈ፣ በየዓመቱ የት እንደ ተደረሰ መጠየቅ ይቻል ነበር። ያልተጻፈ ተስፋ ግን የሚጠይቀው የለውም።

ዛሬ በብዙ አገሮች የሚሠሩ ታላላቅ ኩባንያዎች በዚህ ነገር ሲቸገሩ ይታያሉ። አንድን ሠራተኛ ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት ወደ ባዕድ አገር ይልካሉ፤ ለቤተ ሰቡ መኖሪያ፣ ለልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ለጉዞውም ብዙ ወጪ ያወጣሉ። ሠራተኛው ሲመለስ ግን በሄደበት አገር ስላየው የሚጠይቀው አለቃ አይገኝም፤ በሄደበት አገር የቀሩትም እርሱ ያውቀው የነበረውን አያውቁም። እንዲህም ሲሆን ኩባንያው በሁለቱም ወገን ይጎዳል። ጃፓናውያኑ ሊቃውንት ኖናካና ታኬኡቺ በ1995 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ዕውቀት ሁለት ዓይነት መሆኑን አስረድተዋል፤ አንዱ በጽሑፍ ሊሰፍር የሚችል ነው፤ ሁለተኛው በሠሪው እጅና ዓይን ውስጥ የተሰወረ ነው። ፊተኛው በደብዳቤ ይላካል፤ ኋለኛው ግን አብሮ በመዋል ካልሆነ አይገኝም። ጃፓን ካይዘን የሚባለውን የሥራ ማሻሻያ ዘዴ ለኢትዮጵያ ባካፈለች ጊዜም ሥራው በዚህ መንገድ ሄደ፤ ከ2009 እስከ 2011 ድረስ በ30 ድርጅቶች ተሞከረ፤ ከዚያም በ2011 ኢትዮጵያውያን የሚመሩት የካይዘን ኢንስቲትዩት ቆመ።

የጎንደር ሊቃውንት ይህን ነገር ሲሰሙ አዲስ ትምህርት አይሆንባቸውም። ድጓ የሚማር ወደ ቤተልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት የሚማር ወደ ዙር አምባ፣ አቋቋም የሚማር ወደ ጎንደር በአታ ይሄዳል። ተማሪው ከወላጆቹ ተለይቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ፣ ብዙ ዓመት በባዕድ አጥቢያ ይቀመጣል። ከመምህሩ የሰማውን ለታናናሾቹ ያስቀጽላል፤ ሲማርም ያስተምራል። ትምህርቱን ሲፈጽም መምህሩ ይመሰክርለታል፤ ካስመሰከረ በኋላም ወደ አገሩ ተመልሶ ወንበር ይዘረጋል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሦስት ነገር ተሟልቶ ይገኛል፤ የምንጩ ቦታ የታወቀ ነው፤ የብቃቱ ምስክር የታወቀ ነው፤ የተመለሰው ሰው የማስተማር ግዴታም የታወቀ ነው። በባሕር ማዶ ተልኮ የተመለሰ የመንግሥት ሠራተኛ ስንት ጊዜ ወንበር እንዲዘረጋ ተጠይቋል? ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ደረሰኙን እንዲያቀርብ ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ነገሩን የሚያከብድ ሌላ ጉዳይ መጥቷል። ቀድሞ ባለሙያው በአካል ይመጣ ነበር፤ ዛሬ ግን በጄኔቭ ወይም በናይሮቢ ተቀምጦ በኢንተርኔት ሥራውን የሚመራ በዝቷል። በ2020 የኮሮና በሽታ የዓለምን ጉዞ በዘጋ ጊዜ ይህ ልማድ ተስፋፋ። ጥቅሙ አይካድም፤ ወጪ ይቀንሳል፤ የደባርቅ ወይም የዳባት ጤና ሠራተኛ ከሩቅ አገር ሊቅ ምክር ሊጠይቅ ይችላል። ይሁን እንጂ በነሐሴ 2023 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ በታወጀ ጊዜ የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ብዙ ወራት ቈየ፤ በጸጥታው ችግር ምክንያትም የውጭ እንግዳ ወደ ጎንደር መምጣቱ ቀነሰ። መልእክት የሚያመላልሰው መሥመር ሲቋረጥ በቦታው ያለው ሰው ብቻውን ይቀራል። ያን ጊዜ በሽተኛው በር ላይ ቆሞ ሳለ፣ ዕውቀቱ በዚህ አለ ወይስ በባሕር ማዶ አለ የሚለው ጥያቄ የክርክር ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የሰው ነፍስ ጉዳይ ይሆናል።

ከሩቅ የሚመራ ሥራ በመልካም ሲያዝ ምን እንደሚመስልም በዚያው በጎንደር ይታያል። ወደ መተማና ወደ ሑመራ ቆላ ለአጨዳ የሚወርደው የደጋ ሰው ካላዛር በሚባለው በሽታ ይያዛል። የዚህን በሽታ መድኃኒት ለመመርመር በ2003 ሊፕ የሚባል ማኅበር ሲቋቋም፣ ኢትዮጵያ፣ ሱዳን፣ ኬንያና ኡጋንዳ በአንድነት ገቡበት፤ መቀመጫውን በጄኔቭ ያደረገው ዲ ኤን ዲ አይ የተባለው ድርጅትም ተባባሪ ሆነ። ነገር ግን ሕመምተኛው የሚታከመው፣ ምርመራው የሚደረገው፣ መዝገቡም የሚጻፈው በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሊሽማንያ ምርምርና ሕክምና ማዕከል ውስጥ በኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ነው። በዳባትም በ1996 የተጀመረው የምርምር ጣቢያ የልደትና የሞት መዝገብን የሚሰበስበው ከየቤቱ ደጃፍ ነው። ሩቅ ያለው ወዳጅ ቢያማክር መልካም ነው፤ መዝገቡና መዝጋቢው ግን በአገር ናቸው።

ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በእንግዳው ላይ መጣል ፍርደ ገምድልነት ነው። ባለሙያው ሊያስተምር ተዘጋጅቶ ሲመጣ፣ ከጎኑ እንዲሠራ የተመደበው ኢትዮጵያዊ በስድስት ወር ውስጥ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት የሚዛወርበት ጊዜ አለ፤ ወይም አስተርጓሚና ጉዳይ አስፈጻሚ ሆኖ ይቀርና ከሙያው ሳይካፈል ውሉ ያልቃል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ለትምህርት ወደ ውጭ የሚላከው ሥራውን የሚሠራው ሰው ሳይሆን የሚሾመው ሰው ነው። ሹሙ ተመልሶ ሲሻር ዕውቀቱ አብሮ ይሻራል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት አባቶች ይህን አይተው ነው።

እንግዳውም ቢሆን ተማሪ መሆን ይገባዋል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የፋሲል ግንብ ሲጠገን ሲሚንቶ ገባበት፤ ሲሚንቶ ግን ለአሮጌው ድንጋይ የማይስማማ ሆኖ ስለ ተገኘ በኋላ ዘመን የተደረገው ጥገና ወደ ኖራ ተመለሰ። ሦስት መቶ ዓመት የቆመውን ግንብ የሠራው ማሠሪያ ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ የጠየቀ ሰው ቢኖር ያ ድካም በዳነ ነበር። ከውጭ የሚመጣ ባለሙያ ስለ አፈሩ ገበሬውን፣ ስለ ግንቡ ግንበኛውን፣ ስለ በሽታው የጤና ጣቢያውን ሠራተኛ እንዲጠይቅ ማድረግ የአስጠሪው መሥሪያ ቤት ፋንታ ነው። ያገሩን ሠርዶ ባገሩ በሬ የሚባለው ተረት የውጭውን ዕውቀት ለመናቅ ሳይሆን፣ ዕውቀቱ ያገሩን ምድር ሳያውቅ እንዳይታረስበት ለማስጠንቀቅ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ምክር አጭር ነው። አንደኛ፣ ከውጭ ባለሙያ ወይም ኩባንያ ጋር የሚደረግ ውል ሁሉ፣ ሥራው በማን እጅ በስንት ዓመት እንደሚገባ በግልጥ ይጻፍበት፤ የመጨረሻውም ክፍያ ከዚህ ጋር ይያያዝ። ሁለተኛ፣ በአንድ እንግዳ አጠገብ አንድ ሳይሆን ቢያንስ ሁለት ኢትዮጵያውያን ይመደቡ፤ ውሉ እስኪፈጸምም አይዛወሩ፤ አንዱ ቢታመም ወይም ቢሄድ ሌላው እንዲገኝ። ሦስተኛ፣ ባለሙያው በአካል ቢመጣም ከሩቅ ቢመራም፣ የሥራው መዝገብ፣ ሥዕሉና የመሣሪያው አጠቃቀም በአማርኛ ጭምር ተጽፎ በቦታው ይቀመጥ፤ ኢንተርኔት ሲቋረጥም የሚነበብ ይሁን። አራተኛ፣ ከሩቅ የሚመራ ሥራ ቢያንስ በመጀመሪያውና በመጨረሻው ጊዜ በአካል መገናኘት ይኑርበት፤ በእጅና በዓይን የሚገኘው ዕውቀት በሽቦ አይሄድምና። አምስተኛ፣ ወደ ውጭ ተልኮ የተመለሰ ሠራተኛ ሁሉ፣ እንደ አብነት ትምህርት ቤት ሥርዓት፣ በሥራ ባልደረቦቹ ፊት ወንበር ዘርግቶ ያስተምር፤ ያስተማራቸውም ሰዎች ይመስክሩለት።

ይህን ማድረግ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ትዕግሥትና የሹሞች ትጋት ነው። ባለሙያ ማስመጣት በአንድ ፊርማ ይፈጸማል፤ የባለሙያን ዕውቀት ማስቀረት ግን የየቀኑ ሥራ ነው። ሹም የሚመሰገነው በዘመኑ ስንት እንግዳ እንዳስመጣ ተቈጥሮ ባይሆን፣ ከእንግዶቹ መሄድ በኋላ ስንት ሥራ ሳይቆም እንደ ቀጠለ ታይቶ ቢሆን፣ ብዙ ነገር በተሻሻለ ነበር።

ወደ ጎንደር የሚሄድ ሰው የፋሲልን ግንብ ያያል፤ ጥቂት ርቆም ሕመምተኞች የሚተኙበትን፣ ተማሪዎች የሚመላለሱበትን ሆስፒታል ያያል። ሁለቱም የእንግዳ እጅ የነካቸው ናቸው፤ ሁለቱም ዛሬ የአገሬው ናቸው። ወደ መቅደላ የሚወጣ ሰው ደግሞ ሴባስቶፖልን በአምባው ላይ ያገኛል። ከእንግሊዝ ጦር በኋላ የሚያፈሰው ቤት ስላልቀረ ወንድም አልተሠራለትም። ከእነዚህ ከሁለቱ ዕጣዎች የትኛው እንደሚደርስ የሚወሰነው እንግዳው በሚሄድበት ቀን ሳይሆን በሚመጣበት ቀን ነው።